የሚነገረው ደንብና የሚሠራው ደንብ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ቆላውን ጥሎ ደጋውን ሲይዝ ዶርዜ ይደረሳል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እዚህ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ያጠና ነበር። ከሰማቸው ነገሮች አንዱ ስለ ነብር ነው። ነብር ክርስቲያን ነው፣ የቤተ ክርስቲያንን አጽዋማት ያከብራል፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ብለው ነገሩት። ስፐርበር ግን ሌላም ነገር አስተዋለ፤ ይህን የሚናገረው ሰው ረቡዕም ሆነ ዓርብ ከብቱን ከመጠበቅ አይቦዝንም። ነብር መጾሙም እውነት ነው፣ ነብር በየቀኑ አደገኛ መሆኑም እውነት ነው፤ ሁለቱን አጋጭቶ አንዱን የሚጥል የለም። ተመራማሪው እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ፣ በዓመቱ በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ያነሣው ተምሳሌታዊ እውቀት ከዕለት ተዕለቱ እውቀት የተለየ ሥራ እንዳለው ለማስረዳት ነው። ለዶርዜው ገበሬ ነገሩ ምንም ችግር አልፈጠረበትም፤ ከሁለቱም ጋር አብሮ ስላደገ የቱን መቼ እንደሚይዝ ያውቃል። የሚቸገረው የተነገረውን ብቻ ሰምቶ በጎቹን ረቡዕ ዕለት ያለ እረኛ የሚያሰማራ እንግዳ ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ኤፒአይ ዘወትር የሚያስተናግደው እንዲህ ያለውን እንግዳ ነው። የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰርቨር ከሌላ ፕሮግራም መረጃ ሲቀበል የሚፈትሽበት ደንብ አለው፤ ስም ባዶ አይሁን፣ ስልክ ይህን ያህል አኃዝ ይኑረው፣ ዞኑ ከተፈቀዱት አንዱ ይሁን። ይህ የሚሠራው ደንብ ነው፤ ያላሟላውን ይመልሳል። ከዚህ ሌላ ለውጭ ፕሮግራመሮች የሚሰጥ ሰነድ አለ፤ ምን መላክ እንዳለባቸው፣ በምን ቅርጽ፣ እስከ ስንት ፊደል ይገልጻል። ይህ የሚነገረው ደንብ ነው። ሁለቱ በሁለት እጅ ከተጻፉ ውሎ አድሮ መለያየታቸው አይቀርም፤ ሲለያዩም የሚጎዳው ሰነዱን አምኖ የመጣው ነው። ስለዚህ ሰነዱ ከሚሠራው ደንብ ከራሱ መመንጨት አለበት። ሙያው ወደዚህ ሐሳብ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ የመጣበትን መንገድ ስንከተል ለምን እኛን ከሌላው ይበልጥ እንደሚመለከተን ይታያል።

በወረቀት ዘመን መለያየቱ ብዙም አይታይም ነበር፤ በመሐል ሰው አለና። የቀበሌ ወይም የወረዳ ጸሐፊ ደንቡን የሚናገርም፣ የሚያስከብርም፣ ሲጠብ የሚያሰፋውም ራሱ ነበር። ቅጹ ላይ ለአያት ስም ቦታ ከሌለ ከጎን ይጽፈዋል፤ በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን ቢመጣ ጳጉሜን ብሎ ይመዘግበዋል። ሽሮ ሜዳ ሸማ ሊሠራ የመጣ ሰው የትውልድ ቦታውን ዶርዜ ቢልም፣ ጨንቻ ቢልም፣ ጋሞ ቢልም ጸሐፊው ይረዳዋል። በደል አልነበረም ማለት አይደለም፤ ለዘመድ የሚሰፋ ደንብ በባዕድ ላይ ሊጠብ ይችላል። ቢሆንም ደንቡና ቃሉ ከአንድ አፍ ይወጡ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ሰው ከመሐል ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆን ፖስቴል ኢንተርኔት የቆመበትን የመገናኛ ፕሮቶኮል ሲደነግግ የምትልከውን አጥብቅ፣ የምትቀበለውን አላላ የሚል መንፈስ ያለው ምክር አስፍሮ ነበር። የጸሐፊውን ቻይነት ወደ ማሽን ለማስገባት የተደረገ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በዝምታ የሚላላ ማሽን ያልተጻፈ ሌላ ደንብ ይፈጥራል፤ ያንን ደንብ የሚያውቀው ደግሞ ደጋግሞ የሞከረው ብቻ ነው።

አንድ ጽሑፍ ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ የተሞከረው ኤክስኤምኤል በተባለው የመረጃ መጻፊያ ቋንቋ ነው። ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ አንድ ሰነድ ምን ምን ክፍሎች ሊኖሩት እንደሚገባ የሚደነግግበትን መንገድ አብሮ ይዞ መጣ፤ በ2001 ደግሞ ኤክስኤምኤል ስኪማ የተባለው ዘርዘር ያለ ቋንቋ ጸደቀ። በዚያው ዓመት የድረ ገጽ አገልግሎቶችን የሚገልጸው ደብሊውኤስዲኤል ታተመ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ማሽኑ የሚፈትሽበት ጽሑፍና እንግዳው የሚያነበው ጽሑፍ አንድ ይሁን ነው። የከበደው አጻጻፉ ነው፤ አንዲት የስልክ ቁጥር ለመግለጽ ብዙ መስመር ይፈጅ ነበር። በዚህ መሐል ሮይ ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ቀለል ያለውን የድር አሠራር አስረዳ፣ ብዙዎችም ቀስ በቀስ ወደዚያ አዘነበሉ። የእኛም ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚደነግገው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። ይህ ለጉዳያችን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የስም ሳጥን የላቲን ፊደል ብቻ ይቀበላል ብሎ መደንገግ የግድ መሆኑ ቀርቶ የደንብ ጸሐፊው ምርጫ ሆኗል።

ቀላሉ መንገድ ስኪማውን አብሮ ጣለው። ጄሰን የተባለው ቀለል ያለ የመረጃ አጻጻፍ ኤክስኤምኤልን እየተካ ሲሄድ ሰነዱ ፕሮግራመሩ በትርፍ ጊዜው የሚጽፈው ተራ ድረ ገጽ ሆነ። ምን እንደሚከተል ለማየት አንድ መስመር ይበቃል። ሰነዱ ስም እስከ 50 ፊደል ይላል። አንድ ቀን የመረጃ ቋቱ ዓምድ 30 ብቻ እንደሚይዝ ይታወቅና ፕሮግራመሩ ኮዱን 30 ያደርገዋል፤ ሥራው አስቸኳይ ነውና ሰነዱን ሳይነካው ያልፋል። ከዚያ በኋላ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በአንድ ሳጥን የላከ ሰው ተመላሽ ይሆናል። ሰነዱን ያነበበው ፕሮግራመር ጥፋቱን በራሱ ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። እዚህ ማንም አልዋሸም፤ ሰነዱ ሲጻፍ እውነት ነበር። ስንፍና ነው፣ ጥንቃቄ ይጨመር የሚሉ አሉ። ሁለት ቦታ የተጻፈን ነገር በጥንቃቄ ብቻ ለዓመታት እኩል ማቆየት ግን ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም፤ ጠንቃቃው ፕሮግራመር ሥራ ቀይሮ ሲሄድ ጥንቃቄው አብሮት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ሁለት ነገሮች በወር ልዩነት ተወለዱ። በኖቬምበር የጃቫ ፕሮግራመሮች ቢን ቫሊዴሽን የተባለውን ደንብ አጸደቁ፤ ከዚያ ወዲህ ስም የሚለው ሳጥን ባዶ እንዳይሆንና ርዝመቱ እንዲወሰን ለማድረግ ከሳጥኑ ራስጌ አጭር ምልክት ማኖር በቂ ሆነ። በዲሴምበር ክሪስ ዚፕ ጄሰን ስኪማ የተባለውን ረቂቅ ለኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች አቀረበ፤ ይህም ጄሰን መረጃ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት በራሱ በጄሰን የሚገለጽበት ቋንቋ ነው። አንደኛው ደንብ የሚከበርበትን፣ ሁለተኛው ደንብ የሚነገርበትን መንገድ ሠራ። የተወለዱት ለየብቻ ነው፤ የቀጣዩ ዐሥር ዓመት ታሪክ እነዚህ ሁለቱ የተገናኙበት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው አገናኝ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዎርድኒክ በተባለ የድር መዝገበ ቃላት ድርጅት ይሠራ የነበረው ቶኒ ታም ነው። እሱ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ የተለቀቀው ስዋገር የኤፒአዩን መግለጫ ከኮዱ አውጥቶ እየተጫኑ የሚሞክሩት ገጽ ያደርገዋል። ሰነዱ ከሥራው ቦታ አጠገብ ተቀመጠ። አጠገብ መሆን ግን አንድ መሆን አይደለም። በቀድሞዎቹ የጃቫ ፕሮግራሞች አንዱ መስመር ለሰርቨሩ ርዝመቱ ከ30 አይበልጥም ይላል፤ ከላዩ ያለው ሌላ መስመር ለአንባቢ እስከ 50 ፊደል ይላል። ሁለቱ መስመሮች ተነካክተው ተቀምጠውም ይለያያሉ፤ አንዱን ሰርቨሩ፣ ሌላውን ስዋገር ያነበዋልና። ርቀቱን ማሳጠር ያልፈታው ችግር የምንጩ ሁለትነት ነበር።

ምንጩ አንድ እንዲሆን ደንቡ ራሱ የሚነበብ ነገር መሆን ነበረበት፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ርዝመቱ ከ30 ከበለጠ ስህተት መልስ ተብሎ በኮድ መሐል የተጻፈ ትእዛዝ ሊሠራ እንጂ ሊነበብ አይችልም፤ ሌላ ፕሮግራም ምን እንደሚከለክል ሊያውቅ የሚችለው እየሞከረ ነው። ስም፣ ግዴታ፣ ጽሑፍ፣ ቢበዛ 30 ተብሎ እንደ መረጃ የተቀመጠ ደንብ ግን ለሁለት ጌታ ያገለግላል፤ አንዱ ፕሮግራም ያስከብረዋል፣ ሌላው ያስነብበዋል። ከዎልማርት ቤተ ሙከራ የወጣው ጆይ የተባለ መፈተሻ መሣሪያ፣ እንዲሁም ቴይለር ኦትዌል እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው ላራቬል የተባለ የፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ ደንብን በዚህ መልክ አስጻፉ። በላራቬል ግዴታ፣ ጽሑፍ፣ ቢበዛ 30 የሚሉት ቃላት በቁም ሰረዝ ተለያይተው በአንድ መስመር ይቀመጣሉ። ከዓመታት በኋላ የመጡት ስክራይብና ስክራምብል የተባሉ መሣሪያዎች ይህንኑ መስመር አንብበው ስኪማ ያወጣሉ፤ ግዴታ የሚለው የግድ የሚላኩ ሳጥኖች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ቢበዛ የሚለው የርዝመት ጣሪያ ይሆናል፣ ከእነዚህ አንዱ የሚለው የተፈቀዱ ዋጋዎች ዝርዝር ይሆናል። ልወጣው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ግን ወጥመድ አለበት። በላራቬል ቢበዛ 30 ማለት ሳጥኑ ጽሑፍ ከሆነ 30 ፊደል፣ ቁጥር ከሆነ እስከ 30 የሚደርስ መጠን፣ ፋይል ከሆነ 30 ኪሎባይት ነው። ደንቡን የጻፈው ሰው ዓይነቱን ካልጠቀሰ ልወጣውን የሚሠራው መሣሪያ የቱን እንደሚይዝ መገመት ይኖርበታል፤ ከገመተ ደግሞ ሰነዱ ዳግመኛ ከደንቡ ሊለይ ነው። ስለዚህ ከደንብ ሰነድ ማውጣት የጀመረ ቡድን ደንቡን አሟልቶ መጻፍ ይለምዳል፤ የግዳጁ አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

ስዋገር እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ስማርትቤር ኩባንያ እጅ ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር የጋራ ማኅበር ተቋቁሞለት መግለጫው ብዙ ሳይቆይ ኦፕንኤፒአይ ተባለ። ያኔ የጎላው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሰነዱ ከኮዱ በፊት ይጻፍ፣ ሁለቱ ወገኖች ይስማሙበት፣ ኮዱ ለስምምነቱ ይገዛ የሚል ነው። ከኮድ የሚወጣ ሰነድ የአንድ ፕሮግራመር የሰሞኑን ውሳኔ ሳይመከርበት ሕግ ያደርገዋል ይላሉ። እውነት አላቸው። የጋሞ ሰው ወጋ የሚለውን ደንቡን በዱቡሻ አደባባይ ተቀምጦ ይመክርበታል እንጂ አንዱ ቤቱ ውስጥ ወስኖ አያወጣውም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚገናኙበት ኤፒአይ ምክክር ይቅደመው። ነገር ግን የተፈረመ ስምምነት በራሱ አንዲት የተሳሳተ ስልክ ቁጥር አይመልስም፤ ከፊርማው ማግስት ጀምሮ የሚመልሰው ኮዱ ነው። ስምምነቱን አይቶ ፕሮግራመሩ በእጁ ደንብ ከጻፈ ወደ 30ና 50 ታሪክ ተመለስን። ሰርቨሩ ስምምነቱን ራሱን አንብቦ ከፈተሸ ግን ምንጩ አንድ ነው፤ ያኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር የቀረኝ ልዩነት ከየትኛው ወገን ይጀመር የሚለው ብቻ ነው። በእኔ ፍርድ ደንቡ በየሳምንቱ ለሚለወጥበት ትንሽ ቡድን ከደንቡ መነሣት ይሻላል፤ ለመሥሪያ ቤቶች ግንኙነት ከስምምነቱ መነሣት ይሻላል። በእጅ መገልበጥ ግን ለሁለቱም አይበጅም።

ደንብ የሚከበርበትና ደንብ የሚነገርበት ሁለቱ ጅረቶች ጎልተው የተገናኙት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሳሙኤል ኮልቪን እ.ኤ.አ. በ2017 ፓይዳንቲክን አወጣ፤ ፕሮግራመሩ የመረጃውን ዓይነትና ወሰን አንድ ጊዜ ይጽፋል፣ ፓይዳንቲክም ያንኑ ይፈትሽበታል፣ ያንኑ ወደ ጄሰን ስኪማ ይለውጠዋል። በ2018 መጨረሻ ኮሎምቢያዊው ሰባስቲያን ራሚሬዝ በዚህ ላይ ፋስትኤፒአይን ገነባ። በፋስትኤፒአይ ርዝመት ቢበዛ 30 የሚለው ቃል በኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አለ። 31 ፊደል የላከ ሰው ቁጥር 422 የተሰጠው የስህተት መልስ ከየትኛው ሳጥን እንደሆነ ተጠቅሶ ይደርሰዋል፤ የሰነዱን ገጽ የከፈተ ሰው ያንኑ 30 ያያል፤ ፕሮግራመሩ ነገ 40 ቢያደርገው ሁለቱም አብረው 40 ይሆናሉ። እዚህ ላይ የሚነሣው ቅሬታ እንዲህ ያለው ሰነድ ደረቅ ነው፣ ምን እንደተከለከለ እንጂ ለምን እንደተከለከለ አይናገርም የሚል ነው። ቅሬታው ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን ወደ እጅ ጽሑፍ መመለስ አይደለም። ምክንያቱ ከደንቡ ጎን በሰው ቋንቋ ይጻፍ፣ መሣሪያው አብሮ ያውጣው። ቁጥር በመገልበጥ ይባክን የነበረው ጊዜ ምክንያት ለማስረዳት ቢውል አንባቢውም ጸሐፊውም ይጠቀማሉ።

ቋንቋዎቹ እስኪታረቁ ግን ጥቂት ዓመታት ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኦፕንኤፒአይ 3.0 ጄሰን ስኪማን ቢመስልም በአንዳንድ አጻጻፉ ይለይ ነበር፤ ባዶ መሆን የሚችል ሳጥን በአንዱ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ይጻፋል። ለሰው አነስተኛ የሚመስለው ልዩነት ለልወጣ መሣሪያ ሰፊ ገደል ነው። በ2021 የወጣው 3.1 ከጄሰን ስኪማ ጋር ሙሉ ለሙሉ ተስማማ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ በጤናው ዘርፍ በግልጽ ይታያል። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን ሥርዓት ይዞ የጤና ተቋማትን ሪፖርት ማሰባሰብ ጀመረ፤ ከደጋው ጋሞ ጤና ጣቢያዎች የሚነሣውም ቁጥር በዚሁ መንገድ ያልፋል። ሶፍትዌሩ መነሻው ከአፓርታይድ በኋላ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ስትሆን የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኤፒአዩ ውስጥ ስኪማዎች የተባለ አድራሻ አለ፤ ሥርዓቱ ስለያዘው ስለ እያንዳንዱ ነገር የትኛው ሳጥን ግዴታ እንደሆነ፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ስንት እንደሆነ፣ የቱ እንደማይደገም ይናገራል። ሰርቨሩ የመጣለትን የሚፈትሸውም በዚያው መግለጫ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ተመርምረው ፖዘቲቭ የሆኑት ከተመረመሩት አይበልጡም የሚል ዓይነት ደንብ የጤና መረጃ ባለሙያው ራሱ በሥርዓቱ ውስጥ ያስገባል፤ ደንቡም እንደ ማንኛውም መረጃ በኤፒአይ ይነበባል። ስኪማ ሁለት ሳጥኖችን የሚያነጻጽር ደንብ አይችልም፣ ይህ ሰው ቀድሞ ተመዝግቧል ብሎ መናገርም አይችልም፤ ስለዚህ ከስኪማ የሚወጣ ሰነድ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ጎደሎ መሆኑ እርግጥ ነው። ግን ጎደሎው ያልተናገረው እንጂ የተሳሳተ አይደለም፤ የቀረውን ደግሞ እዚህ እንደምናየው ለብቻው መረጃ አድርጎ ማስነበብ ይቻላል። በፋይዳ መታወቂያም ተመሳሳይ አካሄድ አለ፤ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው የክፍት ኮድ ሥርዓት የሰውን የማንነት መረጃ የሚገልጸውና የሚፈትሸው በጄሰን ስኪማ በተጻፈ አንድ የማንነት መግለጫ ነው።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ደንቡ ራሱ ስህተት ቢሆንስ የሚለው ነው፤ መሣሪያው ስህተቱን አሳምሮ ያባዛዋልና። የስልኩን ነገር እንመልከት። ለብዙ ዓመታት የአገራችን የሞባይል ቁጥር በ09 ይጀምር ነበር፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም እንደዚያው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በይፋ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። ቁጥር በ09 ይጀምር ብሎ የደነገገ ማንኛውም ሥርዓት ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ደንበኛን የሚመልስ ሆነ። በእጅ የተጻፈ ሰነድ ዐሥር አኃዝ ያለው የኢትዮጵያ ስልክ ብሎ ያልፋል፤ በ07 የሚጠቀመው ሰው ለምን እንደተመለሰ አያውቅም፣ የሚረዳውም ያጣል። ከደንቡ የወጣ ሰነድ ግን በ09 ይጀምር የሚለውን ሳይሸፍን ያሳያል። ስህተቱ ለታየው ሁሉ ስህተት ይሆናል፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ እንኳ ገጹን ከፍቶ ይህ መስመር ይታረም ሊል ይችላል። እኔ መባዛቱን እንደ ጉዳት የማላየው ለዚህ ነው፤ የተደበቀ ስህተት ማንም ሳያርመው ይኖራል። ደንብን ማሳየት ለአጥቂ በር መክፈት ነው የሚለው ሥጋትም እዚሁ ይመለሳል። አጥቂ ሺህ ጊዜ ሞክሮ ደንቡን ለማወቅ ትዕግሥቱ አለው፤ መደበቁ የሚጎዳው በቅንነት የመጣውን ነው። ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የሆነውን ከሰነዱ ማስቀረት ደግሞ መሣሪያዎቹ የሚፈቅዱት ነው።

የአድራሻም ነገር እንደ ስልኩ ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ዶርዜም አድራሻው ተለወጠ። ዶርዜ ተወልዶ ዶርዜ ያረጀ ሰው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር፣ ሰሜን ኦሞ፣ ጋሞ ጎፋ ዞን፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጋሞ ዞን ተብሏል። ክልሉም ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከሚለው ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ዞሯል፤ ከዚያ በፊት በ2012 ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ከዚያው ክልል ወጥተው ነበር። የተፈቀዱ ክልሎችና ዞኖች ዝርዝር በኤፒአይ ደንብ ውስጥ የሚለወጥ ነገር ነው፤ በእጅ በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ግን የአንድ ሰሞን ፎቶግራፍ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ ከደንብ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ዝርዝሩ በኮዱ ውስጥ ተቀርጾ ከቀረ ሰነዱም እኩል ያረጃል። ደንቡ ዝርዝሩን ከአንድ ሕያው መዝገብ ማንበብ አለበት፤ ስኪማውም እያንዳንዱ ስያሜ ከመቼ እስከ መቼ እንደጸና ቢያሳይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሰጠ የልደት ወረቀት ሰሜን ኦሞ በማለቱ አይመለስም።

የቀረው የቀን ጉዳይ ነው፤ በዚህ ገና ብዙ ይቀረናል። በጄሰን ስኪማ ቀን የሚለው ቅርጽ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ያውቃል። የኢትዮጵያ ቀን የሚቀበል ሥርዓት ይህን ቅርጽ በልማድ ከለጠፈ ጨንቻ ጤና ጣቢያ ጥቅምት 30 የተወለደ ሕፃን ቀኑ 2016-02-30 ተብሎ ሲላክ ይመለሳል፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 የለውምና። ጳጉሜን 3 ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነ ይመለሳል። በአንጻሩ ሰኔ 31 ተብሎ 2016-10-31 ቢላክ ያልፋል፤ የሌለ ቀን ተቀብሎ ያለውን ይመልሳል። በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጦ ለተጠቃሚው ብቻ መለወጥ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜም ደህና መንገድ ነው። ነገር ግን 2016-03-12 በሁለቱም አቆጣጠር ያለ ቀን ነው፤ ላኪው የቱን ማለቱ እንደሆነ ከቁጥሩ አይታወቅም፣ ልዩነቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደሚጠበቅ ደንቡ ራሱ መናገር አለበት፤ ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከሚያውቃቸው መካከል ማካተቱ በዚህ ረገድ በጎ ጅምር ነው። ደግነቱ የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ ይልቅ በስኪማ ለመጻፍ ይቀላል። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ናቸው፤ ጳጉሜን 5 ናት፤ በዘመነ ሉቃስ 6 ትሆናለች። የፈረንጆቹ 1900 እና 2000 በመጨረሻ ሁለት አኃዞቻቸው አንድ ሆነው ሳለ አንዱ ተጨማሪ ቀን የለውም፣ ሌላው አለው። በእኛ ግን የመቶ ዓመት ልዩ ሁኔታ ስለሌለ የዓመቱ ሁለት የመጨረሻ አኃዞች ብቻ ይበቃሉ፤ የዐሥር ቤቱ ተጋማሽ ከሆነ የአንድ ቤቱ 3 ወይም 7፣ ኢተጋማሽ ከሆነ 1፣ 5 ወይም 9 ሲሆን ጳጉሜን 6 አለች። ይህ ሁሉ አጠር ባለ አንድ የጽሑፍ ቅርጽ ደንብ ውስጥ ይገባል። ያ ደንብ በሰርቨሩ ላይ ከተጻፈ 2015-13-06ን ይቀበላል፣ 2016-13-06ን ይመልሳል፤ ከእሱ የሚወጣው ሰነድም ይህንኑ አርባ ምንጭም ሆነ ናይሮቢ ላለ ፕሮግራመር፣ አንድም መረጃ ሳይልክ በፊት፣ ይነግረዋል።